ሽንኩርት የማያስለቅሳት እናት

«እፈሩ በሉ! እማዬ ሙሉ ኬሻ ሽንኩርት ከትፋ አንድ ጠብታ እንባ አልወጣትም… እናንተ ገና ቢላ ስታነሱ መነፋረቅ!»

የምግብ ቤቱ ባለቤት ወጥ ቤት በር ላይ ቆሞ ይጮሃል።

የምሳ ሰዓት ደርሷል… ሁለቱ ምግብ አብሳዮች ግን ዓይናቸውን በክንዳቸው እየጠረጉ ነው።

«እማማ እኮ ብረት ናት፣ እኛ ሰው ነን» አለች አንደኛዋ።

እናትየው ሳቀች። ሥራዋንም ቀጠለች።

አምና እንዲህ አልነበረችም…

«ልጄ፣ ዓይኔ ውስጥ አሸዋ ያለ ይመስለኛል… ነፋስ ሲነካኝ ይወጋኛል…» ትለው ነበር፣ ነጋ ጠባ።

አንዴ ሐኪም ዘንድ ወስዷታል። የዓይን ድርቀት ነው ተባለ። ጠብታ አታቋርጥ፣ ከጭስና ከእንፋሎት ትራቅ፣ ለክትትልም ትምጣ ተባለ።

ጠብታው አለቀ… ማን ያስታውስ! ክትትሉም በዚያው ቀረ።

እሷ ስታማርር፣ እሱ ዓይኗን ገልጦ ያያል። ቀላ እንኳን አላለም።

«እማዬ፣ ምንም የለብሽም እኮ! ሰው ተሰልፎ እየጠበቀ የዓይን ነገር ታነሺብኛለሽ? ስንቱን ልቻል?»

ደግሞ ሌላ ቀን… «አሁንስ አበዛሽው!»

ከዚያ ቀስ በቀስ ተወችው።

«ተሻለሽ እንዴ?» ብሎ ጠየቃት።

«አዎ ልጄ፣ አሁንስ ምንም አይሰማኝም።»

እፎይ አለ። ድሮም አጋንናው ነው ብሎ አሰበ፤ እንዲያውም ትንሽ ተናደደባት።

ወደ ዛሬው ወጥ ቤት እንመለስ…

«ጨው አልቋል፣ አንዱን ላክልኝ» አለችው እናቱ ቀና ብላ።

ፊቷን አየ… ክው አለ።

ቀኝ ዓይኗ ላይ፣ ልክ ጥቁሩ ላይ፣ የሽንኩርት ልጣጭ ተለጥፏል።

እሷ ግን ስለ ጨው ታወራለች።

«እማዬ… ዓይንሽ!»

«ምን ሆነ?»

ልጣጩን በውሃ አጥቦ ሲያነሳው፣ ከሥሩ ነጣ ያለ ነገር አየ። ምሳውን ትቶ ሐኪም ቤት ይዟት ሮጠ።

ሐኪሙ ጥጥ በቀጭኑ ጠቅልሎ «እናቴ፣ ወደ ላይ ይመልከቱ» አላት። በጥጡ ጫፍ የዓይኗን ፊት ነካ… አሁንም ነካ…

«ዶክተር፣ ፈሪ ነኝ… ሊነኩኝ ሲሉ ቀድመው ይንገሩኝ እሺ?» አለችው።

ሐኪሙ ጥጡን አስቀመጠ። ነክቶ ጨርሷል።

ልጅየው ጣልቃ ገባ። «ድና ነበር እኮ ዶክተር… ማማረር ሁሉ ትታ ነበር።»

«አልዳኑም። ዓይን ሲደርቅ መጀመሪያ የፊተኛው ሽፋን ነርቮች ይቆጣሉ። ያኔ ምንም ሳይታይ እንኳ በጣም ሊያቃጥል ይችላል። ድርቀቱ ችላ ሲባል ደግሞ ነርቮቹ ራሳቸው ይጎዱና መደንዘዝ ሊመጣ ይችላል። እንባ የሚጠራው፣ ቶሎ የሚያስጨፍነው ያ ስሜት ነበር። እሱ ሲጠፋ ዓይኑ ያለ ጠባቂ ቀረ… ቆሰለ።»

«እና… ታያለች?»

«ግራውን እናተርፋለን። ቀኙ ግን ጠባሳ ይተውበታል፤ እንደ ድሮው አያይም።»

ልጅየው ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ አለቀሰ። ስንት ቀን ለምናው ነበር! ዝም ስትል ደግሞ በሰው ፊት ያወደሳት በበሽታዋ ነው። በራሱ በጣም ተናደደ።

እናቱ እጁን ፈልጋ ያዘችው።

«አታልቅስ ልጄ… አላመመኝም እኮ።»

ወገኖቼ፣ ይሄን ስጽፍ እኔም አንጀቴ እየተቃጠለ ነው…

ያማረረ ሁሉ አጋኖ አይደለም፤ ዝም ያለም ሁሉ ድኗል ማለት አይደለም። ሰው «አመመኝ» ሲላችሁ፣ ምንም ባይታያችሁም እመኑት!

እስቲ በሐቅ መልሱልኝ… ቤታችሁ ውስጥ ማማረር ያቆመ ሰው አለ? ተሽሎት ነው… ወይስ ሰሚ አጥቶ? 👇