የአባት ዓምድ

ዓይኗ የደከመው አሮጊት በሞምባሳው ሙዚየም የልጇን ክንድ ይዛ ቆመች። ከመስታወቱ ጀርባ ከጊርያማ ሕዝብ መቃብሮች የተነቀሉ የሙታን መታሰቢያ ዓምዶች ተደርድረዋል። የባሏ ዓምድ ከተሰረቀ ወዲህ ልጇ ካሂንዲ ሁለት ሕፃናት ቀብሯል። ሟቹ ተቆጥቶ ነው ብላ ታምናለች፤ ዓምዱን አግኝታ ወደ ቦታው ልትመልሰው ነው የመጣችው።

«አባትህ አለ?»

«የለም እማዬ፤ የሰው አባቶች ናቸው።»

«ደረቱ ላይ ሦስት ክብ አለው። ደህና አድርገህ እይ።»

«የለም አልኩሽ እኮ!»

ጥበቃው ሳቀ። «እማማ፣ ባል እንደሆነ ሞልቷል፤ አንዱን ምረጪ።»

«ለእናትህ ምረጥላት! እኔ የራሴን ነው የምፈልገው።»

ካሂንዲ ሊወስዳት ሲጎትታት ምርኩዟ ወደቀ። ልታነሳው ጎንበስ ስትል እጇ እግሩን ነካ። ባዶ እግሩን ነበር፤ ጫማውን አውልቆ አጠገቡ አስቀምጦታል። በቤታቸው ወግ ሰው ጫማውን የሚያወልቀው በገዛ አባቱ ዓምድ ፊት ብቻ ነው።

እንዳጎነበሰች ቆየች። ዓምዱ በጠፋ ሰሞን ሞተር ብስክሌቱን በምን ገንዘብ እንደገዛ ጠይቃው አታውቅም ነበር። አሁንም አልጠየቀችውም።

«የቀረችህን ልጅ ዛሬውኑ ለእኔ ስጠኝ» አለችው። «ካንተ ጋር አትደር።»