የሰርቨሩ ስም

ሥራ አስኪያጁ በሰው ፊት ሰድቦ ላባረራት የኮምፒውተር ባለሙያ ደወለ። ጥፋቷን ሠራተኛው ሁሉ እንዲሰማ ስልኩን ስፒከር ላይ አደረገው።

«አዲሶቹ ኮምፒውተሮች ዳታቤዙ ውስጥ አልገባ አሉ። የሰርቨሩን ስም ይጠይቃሉ። ምን ብለሽ ነው የሰየምሽው?»

«እስኪደውሉ ስጠብቅ ነበር» አለች። «ወልደ ሩፋኤል ብለው ይጻፉ።»

በእሷ ቦታ የተቀጠረው ባለሙያ ጻፈው። ዳታቤዙ ወዲያው ተከፈተ፤ ቢሮው በጭብጨባ ተሞላ።

ሥራ አስኪያጁን ግን ላብ አጠመቀው። ወልደ ሩፋኤል የክርስትና ስሙ ነው። ከሟች እናቱ በቀር ይህን ስም የምታውቅ ሴት አንዲት ብቻ ነበረች፤ እሷንም በወጣትነቱ አስረግዞ ክዷታል።

«ማን ነገረሽ?» አለ፣ ስፒከሩን ማጥፋት ረስቶ።

«እናቴ። እስክትሞት ድረስ በዚህ ስም ስትረግምህ እየሰማሁ ነው ያደግሁት።»