አንድ ሄልሜት ለሁላችን

ከእኔ በፊት ሞተሩን የሞከረው ሥጋ ሻጭ ሄልሜቱን በስንት መከራ ሲያወልቀው ጆሮዎቹ አብረው ሊወጡ ምንም አልቀራቸውም። ግንባሩ ላይ የቀረውን ላብ በመዳፉ ጠርጎ ሱሪው ላይ አበሰና በዚያው እጁ ሄልሜቱን ዘረጋልኝ። «በይ ሲስተር፣ አሙቄልሻለሁ» አለኝ። ደግነቱ መሆኑ ነው።

ውስጡን አየሁት። ስፖንጁ ሲገዛ ግራጫ ሳይሆን አይቀርም፤ አሁን ጠቁሮ ያብለጨልጫል። የራስ ቅባት፣ የሲጋራና የእርጥብ ካልሲ ሽታ አንድ ላይ ፊቴን መታኝ። ቋቅ አለኝ።

«ጋሼ፣ ይሄ ነገር ታጥቦ ያውቃል?» ብዬ የሞተር አሰልጣኛችንን ጠየቅኩት።

«ዝናብ ሲዘንብ» አለኝ፣ በሞተሩ ቁልፍ ጆሮውን እየጎረጎረ። ሲጨርስ ቁልፉን አገላብጦ አየው፣ እፍ አለበትና ሰጠኝ።

እኔ ነርስ ነኝ። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ መግል ጠርጌአለሁ፤ ደረቴ ላይ ያስመለሰብኝን ሕፃን ቁጥር አላውቀውም። አንድም ቀን ተጸይፌ አላውቅም። ግን ያኔ እጄ ላይ ጓንት አለ። ለጭንቅላት ጓንት አልተሠራለትም። ስለዚህ ከመርፌ ክፍል የቀዶ ጥገና ቆብና ማስክ ይዤ መጥቻለሁ። ቆቡን እስከ ቅንድቤ ሳብኩት፤ ማስኩን እስከ ዓይኔ ሥር አወጣሁት፤ ሄልሜቱን ከላይ ደፋሁት።

«ሲስተር፣ ሞተሩን ልትነጂው ነው ወይስ ኦፕራሲዮን ልታደርጊው?» አለ አሰልጣኙ። ተራ የሚጠብቁት ሁሉ ሳቁ።

ይሳቁ። ፈታኙ ነገ ይመጣል፤ ዛሬ ሜዳው ላይ ያለውን የስምንት ቁጥር ዙር እግሩ መሬት ሳይነካ የዞረ ሰው ብቻ ነው ስሙ የሚላክለት። ሙከራው ሦስት ነው። ለጤና ጣቢያችን ከወንዙ ማዶ ክትባት የሚያደርስ አንድ ሞተር መጥቷል። ኃላፊዬ «እስከ ዓርብ መንጃ ፈቃድ ካላመጣሽ ለመድኃኒት ቤቱ ሰውዬ እሰጠዋለሁ» ብሎኛል። ሰውዬው መንጃ ፈቃድ አለው። ባለፈው የክትባቱን ሳጥን ፀሐይ ላይ ትቶ ምሳውን በልቶ የተመለሰው፣ ያንኑ የሞቀ ክትባት ሕፃናቱን ወግቶ ወደ ቤቱ የሄደው እሱ ነው። የትኞቹን ሕፃናት እንደወጋ እስከ ዛሬ አልነገረንም።

ፍሪሲዮኑን ጨበጥኩ፣ ማርሽ አስገባሁ፣ ቀስ ብዬ ለቀቅኩ። ሞተሩ ዘለል አለና ሄደ። ስምንት ቁጥሩን በአሮጌ ጎማዎች ነው የከበቡት። የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ስደርስ ፊቴ ያለው ሁሉ ነጭ ሆነ። ትንፋሼ በማስኩ በኩል ሽቅብ እየወጣ የሄልሜቱን መስታወት ጉም አልብሶታል። ወደ ላይ ልግፋው ብል ማጠፊያው ተሰብሮ በሽቦ ታስሯል። ጎማውን መትቼ ቆምኩ።

«አንድ!» አለ አሰልጣኙ።

በሁለተኛው ትንፋሼን ይዤ ሄድኩ። ግማሹን እንደዞርኩ ደረቴ ተቃጠለ፣ እፎይ አልኩ፣ ጉሙ ተመልሶ መጣ። ከነሞተሩ ተዘረርኩ። ሥጋ ሻጩ ሮጦ መጥቶ ሞተሩን እንደ ወንበር ብድግ አደረገልኝ። «አይዞሽ፣ እኔም ወድቄአለሁ» እያለኝ ከአገጩ አንዲት የላብ ጠብታ ክንዴ ላይ ወደቀች። እግዜር ይስጥልኝ ማለት ሲገባኝ ክንዴን ቶሎ ጠረግኩ። አይቶኛል።

«ሁለት!» አሰልጣኙ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። «ያን ጨርቅ አውልቂ። እምቢ ካልሽ ውረጂ፤ ሰው ተራውን እየጠበቀ ነው» አለኝ። ተቆጥቶ ይሁን ተቀይሞ አላወቅኩም።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል። ማስኩንም ቆቡንም ኪሴ ከተትኩ። ሄልሜቱን መልሼ ስደፋው ስፖንጁ ጉንጬ ላይ ተለጠፈ፤ ለብ ብሏል። የሥጋ ሻጩ ላብ በጆሮ ግንዴ ሲወርድ ይሰማኛል። ሞት ይሻለኛል አልኩ። ወዲያው ያ ፀሐይ ላይ የዋለው ሳጥን ትዝ አለኝ፤ ጥርሴን ነክሼ ሽታውን በአፍንጫዬ ሳብኩት። ቅባቱንም፣ ሲጋራውንም፣ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ፎረፎር ሳብኩት። ስተነፍስ አየሩ በአገጬ በኩል ወጣ። መስታወቱ ጠርቶ ቀረ።

ሄድኩ። ፍሬኑን ነካ፣ ለቀቅ እያደረግኩ የመጀመሪያውን ክብ ዞርኩ። መሀሉን አለፍኩ። ሁለተኛው ክብ ላይ አንዱን ጎማ ለጥቂት ሳትኩት። እግሬ መሬት የነካው አሰልጣኙ ፊት ስቆም ነው።

«ነገ በጠዋት ድረሺ» አለኝና ወረቀቱ ላይ ጻፈኝ።

ደስ አለኝ። ዘልዬ ባቅፈው ደስ ባለኝ፣ ያን ጆሮውን ባላየሁ ኖሮ። ሄልሜቱን እያወለቅኩ ወደ ባለ ተራዋ ሄድኩ፤ የውኃ ቆጣሪ የምታነብ፣ ጥፍሯን ተቀብታ የመጣች ልጅ ናት። «በይ እህቴ፣ ያንቺ ተራ ነው» ብዬ ዘረጋሁላት።

የሞተ አይጥ ጅራት እንደሚይዝ ሰው በሁለት ጣቷ ጫፍ ተቀበለችኝ። ውስጡን አየችው። ቀና ብላ ደግሞ ግንባሬ ላይ የተለጠፈውን እርጥብ ፀጉሬን አየች።

«ጠዋት ታጥቤያለሁ» አልኳት፣ ሳትጠይቀኝ።

«ኧረ ችግር የለውም እኮ፣ ሲስተር» አለችኝ፣ በአፏ ብቻ እየተነፈሰች።