ከማህተሙ በፊት

የጋብቻ መዝጋቢዋ ዓይን ቅጹ ላይ ሳይሆን የሙሽሪት ጣቶች ላይ ነበር። ልጅቷ ከሙሽራው ኮሌታ ላይ ክር ቢጤ ለቀም ስታደርግ፣ እሱ እንደ ሕፃን አገጩን ቀና አደረገላት። መዝጋቢዋ ሰባት ዓመት ሚስቱ ሆና ስትኖር አንድም ቀን እንዲህ አድርጎላት አያውቅም።

«እትዬ፣ የጎደለ ነገር አለ እንዴ?» አለች ሙሽሪት። መዝጋቢዋ ያነሳችውን ማህተም መልሳ አስቀመጠችው። «ይቅርታ የኔ እህት፣ ማጋባት አልችልም። መዝገቡ ባለትዳር ነው ይላል።»

ሙሽራው ወደ መስኮቱ ጎንበስ አለ። «የፍቺውን ውሳኔ እኮ አምና እዚሁ አምጥቼ ሰጥቻለሁ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «ራስሽ ነሽ የተቀበልሽኝ።»

«እንግዲህ ሳይመዘገብ ቀርቶ ይሆናላ» አለችው፤ ወረቀቱ ዓመት ሙሉ የተኛበትን መሳቢያም በጉልበቷ ገፋ አድርጋ ዘጋችው።

«የማን ባል ነው ታዲያ የሚለው?» አለች ሙሽሪት።

መዝጋቢዋ ኮምፒውተሩን አዞረችላት። ልጅቷ የሚስትየዋን ስም አነበበች፤ ቀና ስትል ያው ስም በመዝጋቢዋ ደረት ላይ በተንጠለጠለው የሥራ መታወቂያ ላይ ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ እትዬ አላለቻትም።