ፓሪስ ላይ የተነሱት ፎቶ

የሠርጓ ፎቶ ስንት ዘመን አበገናት። ባሏ ለቀበሌ መታወቂያ የሚነሳ ይመስል ሁለት ጆሮውን አጋልጦ፣ እጁን ከጎኑ ለጥፎ፣ አጠገቧ እንደ ባዳ ተገትሯል። ዛሬ ደግሞ አውሮፓ የምትኖረው ልጃቸው ለቅዳሜና እሁድ ፓሪስ ሄዳ፣ ያማረ ያማረ ድልድይ እየመረጠች ከእጮኛዋ ጋር ተቃቅፋ የተነሳችውን ላከችላት። ወዲያው ባሏን እየጎተተች ነቀምት ካለው ፎቶ ቤት ገባች።

«ሃርሜ፣ እናቴ፣ ባሕሩ ላይ ላንሳችሁ ወይስ ፓሪስ ላይ?» አለ ፎቶ አንሺው፣ ሥዕል ያለባቸውን መጋረጃዎች እያሳያት።

«ፓሪስ ላይ!»

ባሏ ከተሳለው የፓሪስ ማማ ሥር ቆሞ ባርኔጣውን አወለቀ።

«አንተ ሰውዬ፣ ፈገግ በል እንጂ!»

«ጆሮ ካልታየ አይቀበሉም።»

«ማነው የማይቀበለው? የምቀበለው እኔ ነኝ!»

ፎቶ አንሺው «አንድ፣ ሁለት» ሲል፣ እጇን በኮቱ ሥር ሰደደችና ጎኑን ኮረኮረችው።