ሁለት ሰዓት ከሃያ

የጽዳት ሠራተኛዋ ስልኳ ሊዘጋባት ሲል ቢሮው ጥግ ያለውን ኮምፒውተር ገመድ ነቅላ ቻርጀሯን ሰካች። ገመዱ ላይ የተለጠፈውን ወረቀት አንብባዋለች፤ ማታ ማታ ፊደል መቁጠር ከጀመረች ስድስት ወሯ ነው። «አይነቀልም» ይላል። ግን ልጇ ጠዋት ጠዋት አስፋልቱን ልትሻገር ስትልና ከተሻገረች በኋላ ካልደወለችላት ሆዷ አያርፍም።

ወዲያው ስልኩ ጠራ። «እማዬ፣ ልሻገር ነው።» የከባድ መኪና ጥሩምባ ጮኸና መስመሩ ተቋረጠ።

የኮምፒውተር ባለሙያው ሲገባ የቢሮው ኮምፒውተሮች ሁሉ ሁለት ሰዓት ከሃያ ላይ ቆመዋል። «ሰዓታቸውን በኔትወርክ የሚወስዱት ከዚያ ከጥጉ ነው። እሱ ቢጠፋ እንኳ በራሳቸው መሄድ ነበረባቸው» አለ ግራ ገብቶት። «እትዬ፣ የነካው ሰው አይተዋል?»

«እኔ እንጃ፣ ልጄ» አለች መወልወያዋን አጥብቃ ይዛ።

«እርስዎማ ቢነቅሉትም ማንበብ አይችሉ፣ ምን ያድርጉ!» ብሎ አንዱን ኮምፒውተር በእጁ አስተካከለ። ሰዓቱ ተመልሶ ሁለት ከሃያ አለ። ቀና ስትል፣ ከምንም ጋር ያልተገናኘው የግድግዳ ሰዓትም ሁለት ከሃያ ላይ ቆሟል።

ስልኩ ጠራ። «እማዬ፣ ልሻገር ነው።»

«አትሻገሪ! ቆይ!» ብትልም ያው ጥሩምባ ጮኸ፤ መስመሩም ተቋረጠ።

ባለሙያው ጎንበስ ብሎ የተነቀለውን ገመድ አነሳ። «ይኸው ጉዱ! አሁን ስሰካው ሁሉም መሄድ ይጀምራል።»

ስልኩ ለሦስተኛ ጊዜ ጠራ። ሰዓቱ እስካልሄደ ልጇ ገና አስፋልቱ ዳር ናት።

«አትሰካው!» ብላ እጁን ለቀም አደረገችው። «እኔ ነኝ የነቀልኩት። አንብቤ ነው የነቀልኩት። የፈለግከውን ፍረድብኝ፣ ብቻ አትሰካው፣ ልጄ።»