ማንም ያልጻፈው ትምህርት

ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች በኢንተርኔት የሚያስተምረውን ሲስተም ብቻዬን ሠራሁት። ባለዲግሪ ባልደረቦቼማ ስብሰባ ላይ ነበሩ። ሲስተሙ የእያንዳንዱን ተማሪ ጉድለት አይቶ ቀጣዩን ትምህርት ይመርጥለታል። ዛሬ ጠዋት በራሴ ስም ገብቼ ስሞክረው ማንም ያልጻፈውን ትምህርት ከፈተልኝ፦ «የሥራ ርክክብ ደብዳቤ አጻጻፍ»።

ስቄ ሳልጨርስ አለቃዬ ገባ።

«እህቴ፣ ዲግሪ ስለሌለሽ ሥራውን ለሌላ ሰው አስረክቢ ተብሏል።»

ስክሪኑን አዞርኩለት።

«ማን ሹክ አለሽ? ይሄ የአንቺ ተንኮል ነው!»

«እንግዲያው በራስዎ ስም ይግቡበታ!»

ወንበሬን ስቦ ተቀመጠና በስሙ ገባ። «የኑዛዜ አጻጻፍ» የሚል ትምህርት ተከፈተለት።

ሲስተሙ ማንኛውንም ትምህርት ለተማሪው በቀረው ጊዜ ልክ እንዲያሳጥር ያደረግኩት እኔው ነኝ። ለእሱ የሰጠው አራት ደቂቃ ነው።